ስምንት አሥረኛ ሰከንድ

ካርታው እንደ ወትሮው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። በቆሬ ሜዳ ሰፈራ ያሉት ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድ አጭር ድምፅ አሰሙ። አረንጓዴ። ሰው ከተኛበት ሳይነሳ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየና ስልኩን መልሶ ትራሱ ሥር ከተተው።

አረንጓዴ ሲሆን ቤት ውስጥ ማብሰል፣ መታጠብ፣ መተኛት ይቻላል። ቢጫ ሲሆን ከኮንክሪት ሥር መገኘት ክልክል ነው፤ ሕዝቡ ፍራሹን ተሸክሞ ሜዳ ይወጣል። ቀይ ሲሆን በሮች ራሳቸውን ይቆልፋሉ፤ በአካባቢው ዝር ያለ ይቀጣል። የጨፌሎጋ ልጆች ከፊደል በፊት የሚማሩት እነዚህን ሦስት ቀለማት ነው። ዘመኑ 2091 ዓ.ም. ነበር። ሸለቆው መንቀጥቀጥ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት፣ ጨፌሎጋ ከተማ ሳታቋርጥ ቀይ ከሆነች ደግሞ ሰባት ወር አልፎ ነበር።

በሰባቱ ወር ውስጥ አሥራ አራት ሺህ ሰው ከከተማዋ ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ተዛውሮ ቆሬ ሜዳ ላይ ሰፈረ። ቆሬ ሜዳ በካርታው ላይ ምንጊዜም አረንጓዴ ነው። ስለዚህም እዚያ የተሠሩት ባለ ሦስት ፎቅ ብሎኮች መንቀጥቀጥ የሚቋቋም ብረት አልገባባቸውም፤ አረንጓዴ ቦታ ላይ መመሪያው አያስገድድም። ሁሉም በአራት ወር ተሠርተው አለቁ።

ሀሴት ጉደታ በብሎክ ሰባት ምድር ቤት ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሥራዋ በሸለቆው ዙሪያ የተተከሉትን ሠላሳ አንድ የንዝረት መዝጋቢ ሣጥኖች መንከባከብ ነው፤ አቧራ ትጠርጋለች፣ ባትሪ ትቀይራለች፣ አይጥ የበላውን ሽቦ ትቀጥላለች። ካርታውን የምትሠራው እሷ አይደለችም። ካርታውን የሚሠራው አዲስ አበባ ያለው ማዕከል ነው፤ ሣጥኖቹ የሚልኩትን እየተቀበለ፣ ሰው ሳይነካው።

ያን ቀን አባቷ አቶ ጉደታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ወለሉ አንድ ጊዜ ጓ አለ። ብርጭቆው እጁ ላይ ዘለለ። ወዲያው ስልኩ ተናገረ፦ «ንዝረት ሦስት ነጥብ አራት፣ ጨፌሎጋ ከተማ ሥር። እርስዎ ያሉበት አረንጓዴ ነው።»

አቶ ጉደታ የፈሰሰበትን ሻይ በመዳፉ ጠረገ። «ሐሰት ነው» አለ።

«ምኑ አባዬ?»

«ከተማ ሥር አይደለም። እዚሁ ነው። ከሥራችን ነው የመታን።»

«ሠላሳ አንድ ሣጥን ነው የሚለካው እኮ። ያንተ አልጋ አይደለም።»

«ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ» አለ አባቷ፣ ቀስ ብሎ። «ጎማ ሲፈነዳ ከእኔ ሥር ይሁን ከኋላ ከተሳቢው፣ በቂጤ አውቀዋለሁ። የኋላው ጎትቶ፣ አወዛውዞ ነው የሚመጣው። የራሴው ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚመታኝ። ይኸው ሰባት ወር ሙሉ ቀጥ ብሎ ነው የሚመታኝ።»

ሀሴት ጫማዋን አስራ ወጣች። ደረጃው ላይ የጎረቤቷ ልጅ ኢክራም ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከአቶ ጉደታ ጋር ገበጣ ትጫወታለች፤ ሁልጊዜም ታሸንፈዋለች።

ጽሕፈት ቤቱ ከከተማዋ ምዕራብ የቆመ ኮንቴይነር ነው። ሀሴት እዚያ ደርሳ የጠዋቷን ንዝረት ከጣቢያ ሃያ አራት ቅጂ ላይ አወጣች። ጣቢያ ሃያ አራት፣ ሃያ አራተኛው ሣጥን የቆመበት፣ ከቆሬ ሜዳ ብሎኮች አምስት መቶ ሜትር ብቻ ይርቃል። መሬት ሲናወጥ መጀመሪያ ፈጣን ሞገድ ይደርሳል፣ ከዚያ ዘገምተኛው ይከተላል፤ እንደ መብረቅና እንደ ነጎድጓድ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ሲያጥር ምንጩ ቅርብ ነው። ይህን ለማወቅ የማንም ሰዓት ከማንም ሰዓት ጋር መናበብ አያስፈልገውም፤ አንድ ሣጥን ብቻውን ይበቃል።

በጣቢያ ሃያ አራት ሁለቱ ሞገዶች ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ሀሴት የሰባቱን ወር ቅጂ እየከፈተች አየች። ሁሉም እንደዚያው ነው። ከእያንዳንዱ ጎን ማዕከሉ በቀይ አንዲት ቃል ጽፎበታል፦ «ያልተስማማ»። ያልተስማማ ማለት ከሌሎቹ ሣጥኖች ጋር ስላልገጠመ ስሌት ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

ተነስታ ሾፌሩን ጠራች።

ጋሽ ኑረዲን ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሚስቱ በብሎክ ሁለት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ እግሯን ስለሚያማት በወር አንዴ ነው የምትወርደው። «ሦስት ሣጥንና ትልቁን መዶሻ ይጫኑልኝ» ስትለው ለምን ብሎ አልጠየቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንዝረቱ የት እንደተነሳ የሚታወቀው ለየጣቢያው በደረሰበት ሰዓት ልዩነት ነው። ሞገዱ በሰከንድ ስድስት ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፣ የአንዱ ወገን ሰዓት በአንድ ሰከንድ እንኳ ከተሳሳተ ምንጩ ከቦታው ይሰደዳል። ቀድሞ ሣጥኖቹ ሁሉ ሰዓታቸውን የሚወስዱት ከሳተላይት ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት በባሕሩ ወገን በተነሳው ጦርነት ሰማዩ ሲታወክ የሳተላይቱ ሰዓት ይጠፋ ጀመር፤ አሁን ሰማዩ በቀን አንዴ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይጠራል። ማዕከሉ ስለዚህ ሣጥኖቹን በኔትወርክ አናበባቸው። ሣጥኑ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይልካል፤ ማዕከሉ ይመልሳል፤ ሣጥኑ ጥያቄና መልስ የፈጁትን ጊዜ ለሁለት ያካፍልና መንገዱን ያካክሳል። መሄጃውና መመለሻው እኩል ከሆኑ ትክክል ነው።

ከሰባት ወር በፊት የምሥራቁ መስመር ተቀይሮ ነበር። ቀኑን ሀሴት ታስታውሰዋለች፤ አዲሱን መስመር በእጇ የሰካችው እሷ ናት።

ጣቢያ ሃያ አራት ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ደረሱ። ሦስቱን ሣጥኖች በአንድ የሲሚንቶ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንደኛው እንደ ሁልጊዜው በኔትወርክ ከማዕከሉ ጋር ይናበባል። ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ የሳተላይት መቀበያ አለው። ሦስተኛውን ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ ዋና ሰዓት ጋር በሽቦ አናብባው፣ በራሱ የሰዓት ክሪስታል እየሄደ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ በጭኗ ይዛው ነው የመጣችው። ሰማዩ እስኪጠራ ጠበቁ። የአሮጌው ሣጥን መብራት ሰማያዊ ሲሆን ሀሴት ራሷን ነቀነቀች።

ጋሽ ኑረዲን መዶሻውን አንስቶ ሰሌዳውን መታ። እንደገና መታ። ሃያ ጊዜ።

ሀሴት ቅጂውን ዘረጋችው። የሳተላይቱና በጭኗ የመጣው ሣጥን እያንዳንዷን ምት በአንድ ቅጽበት መዝግበዋል፤ በመካከላቸው ከሁለት ሺሕኛ ሰከንድ የበለጠ ልዩነት የለም። የኔትወርኩ ሣጥን ግን ምቱን ሁሉ ስምንት አሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ጽፎታል። ሃያውንም። ጥያቄው ሲሄድ በዘገምተኛ መስመር ተጉዞ፣ መልሱ ግን በፈጣኑ ይመለስ ነበር፤ ሣጥኑም እኩል ናቸው ብሎ እያካፈለ ከእውነተኛው ሰዓት ቀድሞ ሲሄድ ኖሯል።

«እና?» አለ ጋሽ ኑረዲን።

ሀሴት ጣቷን ማያው ላይ አድርጋ ከጨፌሎጋ ወደ ምሥራቅ ሳበችው። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ። ጣቷ የቆመው ብሎኮቹ ላይ ነው።

ጋሽ ኑረዲን መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠና ላቡን ጠረገ። «ሚስቴ ሦስተኛ ፎቅ ነች» አለ።

ለማዕከሉ ኃላፊ ለዶክተር ኤፍራታ ከመኪናው ውስጥ ሆና ደወለች። ዶክተር ኤፍራታ ሳታቋርጥ አዳመጠቻት።

«ስምንት አሥረኛ ነው ያልሽው?»

«አዎ ዶክተር። ሃያ ጊዜ መትተን፣ ሃያውንም ጊዜ።»

«በየትኛው ሰዓት ለክተሽ?»

«በሁለት። በሳተላይትና ከቢሮ ይዤው በመጣሁት።»

«ሁለቱም በሥርዓቱ ዘንድ አይታወቁም ሀሴት። ሥርዓቱ አንድ ሰዓት ነው የሚያውቀው፣ የማዕከሉን። ከማዕከሉ የተለየ ሁሉ እንደ ስህተት ነው የሚቆጠረው።»

«እሺ፣ ሰዓቱን ይተዉት። የሃያ አራትን ሁለት ሞገዶች ብቻ ይዩልኝ። ለዚያ ሰዓት አያስፈልግም።»

ሀሴት መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አየች።

«አይቻቸዋለሁ» አለች ዶክተር ኤፍራታ። «ባለፈው ወር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የሰዓት ማናበቢያ ዘዴዎቹን የሚያነጻጽር ጥናት ጠይቄያለሁ። በሠላሳ አንዱም ጣቢያ ላይ፣ ዘጠና ቀን። ሲፈቀድ ይጀመራል።»

«ዘጠና ቀን!»

«ስሚኝ። ከሁለት ዓመት በፊት እንዳንቺ ያለ አንድ ሠራተኛ፣ እንዳንቺው እርግጠኛ ሆኖ፣ ካርታውን በእጁ ቢጫ አደረገው። ሕዝቡ ድልድይ ላይ ተጋፍቶ ሠላሳ ስድስት ሰው ተረጋግጦ ሞተ። ያን ቀን መሬቱ ንቅንቅ አላለም። አንዱን ልጅ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ በእጄ። ከዚያ በኋላ ነው ካርታው ሰው እንዳይነካው ሕግ የወጣው። እና አሁን በመዶሻ ለካሁ ብለሽ አሥራ አራት ሺህ ሰው አንቀሳቅሺ ትይኛለሽ?»

«እሺ ዶክተር፣ አባትዎ እዚያ ቢሆኑስ?»

«አባትሽ እዚያ ናቸው። ለዚህ ነው ያንቺ ግምት የማይያዘው» አለችና ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ጥናቱ እንዲፋጠን እጽፋለሁ። ሌላ ምንም እንዳታደርጊ።»

ሀሴት ስልኩን ዘጋች። ጋሽ ኑረዲን ሞተሩን አላስነሳም። ሁለቱም ሕጉን ያውቃሉ፤ የምሥራቁ ወገን ዘጠኝ ሣጥኖች አሉት። ከዘጠኙ አምስቱ ድምፃቸው ከጠፋ ማዕከሉ ቦታውን ማስላት ስለማይችል ካርታው ራሱን ቢጫ ያደርጋል። የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

«የቱን ነው መጀመሪያ የምትነቅይው?» አለ ጋሽ ኑረዲን።

«እርስዎ ሾፌር ብቻ ነዎት። ከተጠየቁ ባትሪ ልትቀይር ነው ያለችኝ ይበሉ።»

«እሱን እዚያው እንደርስበታለን» አለና መኪናውን አስነሳ።

ፀሐይ ሳትገባ አምስቱንም ነቀለች።

ካርታው ቢጫ ሆነ። አሥራ አራት ሺህ ሰው ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ሕፃን ተሸክሞ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ኅዳር ነበር። የቆሬ ሜዳ ብርድ ከመሸ በኋላ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው፤ ነፋሱ አሸዋ ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን ሰው ቀለደ። በሁለተኛው ቀን ምንም ሳይናወጥ ሲቀር ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ ሦስት ሕፃናት ክሊኒክ ገቡ፤ የጋሽ ኑረዲን ሚስት ከሦስተኛ ፎቅ በወንበር ላይ ሆና በአራት ሰው ተሸክመው ሲያወርዷት ደረጃው ላይ የተመታው እግሯ አበጠ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በማንም ዓይን እንቅልፍ አልዞረም።

አባቷ ሣር ላይ በተነጠፈ ላስቲክ ላይ ተቀምጦ ሳለ። ከደረቱ የሚመጣ፣ እርጥብ ሳል ነው።

«አንቺ ነሽ አይደል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበችለት።

«ደግ አደረግሽ» አለና እንደገና ሳለ። «ግን መሬቷን፣ የሚመጣው ቶሎ ይምጣ በያት። ሕዝቡ እየደከመ ነው።»

ሀሴት የመሬት መንቀጥቀጥ ስትጠብቅ፣ እንዲያውም ስትለምን፣ ራሷን አገኘችው። ሁለት ቀን ሙሉ መዳፏን መሬት ላይ እያሳረፈች ትጠብቅ ነበር። መሬቱ ጸጥ ብሏል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ሰው ተሰብስቦ ሲያይ እጇን አሰሯት። የኢክራም እናት ከሰዉ መሃል ወጥታ ከፊቷ ቆመች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ የለም፤ ያለቻት ኢክራም ብቻ ነች።

«እውነት ነው? ሆን ብለሽ ነው ያወጣሽን?»

«አዎ። መሬቱ የሚናወጠው ከዚህ ሥር ነው። እባካችሁ አትግቡ፤ አረንጓዴ ቢልም አትግቡ።»

«ልጄ ሁለት ሌሊት አልተኛችም!» አለች የኢክራም እናት። ከኋላ አንዱ ሰው ድንጋይ ወረወረ፤ ፖሊሱን ነው ያገኘው።

ማዕከሉ የጠፉትን አምስት ሣጥኖች ጠግኖ እስኪመልስ አልጠበቀም። ሣጥኖቹ ቢኖሩ ምን ይልኩ እንደነበር ካለፈው ሰባት ወር ገምቶ ሞላው። በአራተኛው ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካርታው አረንጓዴ ሆኖ መጣ። አብሮት መልእክት ነበረ፦ ሕዝቡ እንዲያርፍ ሱቆችም ትምህርት ቤቱም ከአራት ሰዓት በኋላ እንዲከፈቱ ተወስኗል። አሥራ አራት ሺህ ሰው ፍራሹን እየጎተተ ወደ ብሎኮቹ ገባና ወደቀ። የክሊኒኳ ነርስ አቶ ጉደታን ደግፋ አስገብታ፣ መድኃኒት አስውጣው፣ ብርድ ልብስ ደርባለት ሄደች።

ሀሴት የታሰረችው ጨፌሎጋ ከተማ ውስጥ፣ አሮጌው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ከተማዋ ቀይ ነች፤ ፖሊስና እስረኛ ግን ካርታው ውስጥ አይቆጠሩም። የሚጠብቃት ኮንስታብል ቦንሳ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ብሎክ አራት ናቸው። ለሀሴት ዳቦና ሻይ አምጥቶላት ነበር።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ መጣ። መጀመሪያ ከሩቅ ከባድ መኪና የሚመጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ግድግዳው ተወዛወዘ፤ ጎትቶ፣ አወዛውዞ። ኖራ ከጣሪያው ረገፈ፤ የሻይ ብርጭቆው ተንከባልሎ ተሰበረ። ቤቱ አልወደቀም። ሲያበቃ ቦንሳ በሩን ይዞ እንደቆመ ነበር። ስልኩ ተናገረ፦

«ንዝረት ስድስት ነጥብ አንድ፣ ጨፌሎጋ ከተማ ሥር። ቆሬ ሜዳ አረንጓዴ ነው።»

ቦንሳ ዓይኑን ጨፈነ። «ተመስገን» አለ። «ልጆቼ እዚያ ናቸው። ተመስገን።»

ሀሴት መስኮቱ ጋ ነበረች። «ቦንሳ» አለችው። «ና እይ።»

በምሥራቅ በኩል ከሜዳው ላይ ግራጫ አቧራ እየተነሳ ነበር። አንድ ቦታ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኖ ነው የሚነሳው።

ቦንሳ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ከእጁ ጣለው። በሩን ከከፈተ በኋላ ታሳሪና ጠባቂ መሆናቸው ቀረ። ሦስቱን ኪሎ ሜትር እየሮጡ ሳሉ ከፊት ለፊታቸው አምቡላንሶችና ፍርስራሽ ማንሻ ማሽኖች ተሰልፈው መጡ። ሀሴት መንገዱ መሃል ቆማ እጆቿን ዘረጋች። የመጀመሪያው ሾፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ወዴት ነው የምትሄዱት?» አለችው።

«ጨፌሎጋ ነዋ። ንዝረቱ እዚያ ነው።»

«ጨፌሎጋ ሰው የለም! ተመለሱ፣ ሰዉ ቆሬ ነው፣ ያለቀው ቆሬ ነው!»

«እህቴ፣ ቆሬ አረንጓዴ ነው» አለ ሾፌሩ፤ እንደ ሕፃን ሊያስረዳት። «ትእዛዙ ከካርታው ነው የሚመጣልን። መሪው ራሱ ነው የሚወስደን።» እውነቱን ነው፤ እጆቹ መሪው ላይ አልነበሩም። መኪኖቹ አልፈዋት ሄደው ባዶዋ ከተማ መሃል ቆሙ። ሰው ደውሎ፣ ጮኾ፣ ለምኖ ወደ ሜዳው ያስመለሳቸው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው።

በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ሕዝቡ በእጁ ቆፈረ። ጋሽ ኑረዲንና ሚስቱ ተርፈዋል፤ እግሯ ስላበጠ ደረጃ መውጣት አቅቷት ሜዳው ላይ ከነወንበሯ ቀርታ፣ እሱም አብሯት ቁጭ ብሎ ነበር። የቦንሳ ሚስት አንዱን ልጅ ይዛ ወጣች። ብሎክ ሰባት ሦስቱም ፎቅ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ ከሰው ቁመት ብዙ አይበልጥም ነበር። አቶ ጉደታን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አወጡት። ከነብርድ ልብሱ፣ በጎኑ እንደተኛ ነበር። ሀሴት ፊቱ ላይ ያለውን አቧራ በሻርፗ ጠረገችለት፤ ከዚያ ተነስታ ከላይ ያለውን ጣሪያ ለሚያነሱት ሰዎች ብረቱን ያዘች። ከዚያው ደረጃ ሥር ኢክራምንም አገኟት።

የሞቱት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ካርታው ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን አረንጓዴ ሆኖ ቆየ።

ዶክተር ኤፍራታ በሳምንቱ መጣች። ሀሴት ከድንኳን ወጥታ አገኘቻት። ከጠበቀቻት በላይ ያረጀች፣ ቀጭን ሴት ነች። ከፍርስራሹ ፊት ቆመች።

«ክሱ ተነስቷል» አለች። «የማነጻጸሪያው ጥናት ተፈቅዷል። ከአንቺ በቀር የሚሠራው ሰው የለም።»

«በዘጠና ቀን?»

«በሠላሳ።»

ሀሴት ስድብ ሊያመልጣት ነበር፤ አፏ ውስጥ ደርሶ ቀረ። ምዕራቡ ላይ ጸጥ ብሎ የሚቀዳ፣ ማንም ያልነቀለው ሣጥን ሁሉ አሁንም ከምሥራቁ ጋር በሐሰት ሰዓት እየተናበበ መሆኑን አሰበች። «እሠራዋለሁ» አለች።

ሠራችውም። ከጋሽ ኑረዲን ጋር ከጣቢያ ጣቢያ እየዞሩ ሠላሳ አንዱንም ሰሌዳ በመዶሻ መቱ። የሳተላይቱ ሰዓት ሲኖር ከሁሉ የበለጠ ነው፤ ግን የለም። በሽቦ የሚናበበው አይሳሳትም፤ ግን ሽቦው ይሰረቃል። በክሪስታሉ ይዞ የሚሄደው ለአንድ ቀን ይታመናል፣ በሳምንት ግን ይሸሻል። የኔትወርኩ ሁልጊዜ አለ፤ ሲሳሳትም መሳሳቱን አያውቅም። ሁሉንም በሰንጠረዥ አስቀመጠች። ሪፖርቱ አርባ ገጽ ሆነ።

ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው የኢክራም እናት ድንኳኗ ድረስ መጣች። ሀሴት ከአልጋው ላይ ወረቀቶቹን አንስታ ቦታ ለቀቀችላት። ሴትዮዋ ግን አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ሌላውን ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ። የአላህ ውሳኔ ነው ይሉኛል፤ እሱንስ እኔም አውቃለሁ።»

«ጠይቂኝ።»

«ያን ሦስት ቀን ባታስወጪን ኖሮ፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ኢክራም የት ነበረች?»

ሀሴት መልሱን ታውቀዋለች። ከአንድ ወር ጀምሮ፣ ሰሌዳ ስትመታም፣ ስትበላም ታውቀዋለች። የቆሬ ሜዳ ትምህርት ቤት በአዘቦት ቀን ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል። ትምህርት ቤቱ በእንጨት የቆመ የቆርቆሮ ዳስ ነው።

«ትምህርት ቤት» አለች።

«ዳሱ ወድቋል?»

«አልወደቀም።»

«እኔስ?»

«ገበያ። የስፌት መኪናሽ ላይ።»

«ሌላውም ሰው?»

«በአዘቦት ቀን በዚያ ሰዓት ብሎኮቹ ውስጥ የሚቀረው ሦስት ሺህ ያህል ሰው ነው። ያን ቀን ከአሥራ አንድ ሺህ በላይ ተኝቶ ነበር።» ወረቀቶቹን ከእጇ አስቀመጠች። «መውጣታችሁን ብቻ ነው ያሰብኩት። ስትመለሱ እንደምትደክሙ አላሰብኩም።»

የኢክራም እናት ራሷን ነቀነቀች፤ ዋጋ የተነገራት ገበያተኛ ይመስል።

«ሰዓቱ ተሳስቶ እንደነበር ጽፈሻል አይደል?»

«ጽፌያለሁ።»

«ይሄንንም ጻፊው።»

ሀሴት አርባ አንደኛውን ገጽ ጻፈች። አምስቱን ሣጥኖች ማን እንደነቀለ፣ ሕዝቡ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ ትምህርት ቤቱ በዚያ ቀን ለምን ዘግይቶ እንዲከፈት እንደተደረገ፣ በአዘቦት ቀን ማን የት ይሆን እንደነበር፤ ከሥሩ ኢክራም አብዱልቃድር፣ አሥራ ሁለት ዓመት። ማዕከሉ ገጹ ከጥናቱ ርዕስ ውጭ ስለሆነ ይውጣ ብሎ መለሰላት። እንዳለ መልሳ ላከችው። እንደገና መለሱላት፤ እንደገና ላከች። የሽቦው ዘዴ ጸድቆ፣ ሽቦ ተዘርግቶ፣ ሪፖርቱ ታትሞ ሲወጣ አርባኛው ገጽ ላይ አበቃ።

ሀሴት የቀረውን ገጽ በእጇ ገልብጣ ለኢክራም እናት ወሰደችላት። ሴትዮዋ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሁለት ቦታ አጥፋ በቀሚሷ ኪስ ከተተችውና መኪናዋን መልሳ አስነሳች። ከዚያ ወዲህ ለሀሴት አንድም ቃል ተናግራት አታውቅም።